ለሐዋሳ ትምህርት ቤቶች፦ ስለ አንድ ቅን ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

ውድ የከተማችን መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራንና ወላጆች፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አንድን ወጣት ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገንና እናንተም ለትምህርት ቤታችሁ እንድትጠሩት አጥብቄ ለመጠቆም ነው። ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተርና ሞባይል እየጠገነ የሚተዳደር ሰው ነው። ለእኛ ያደረገው ግን ከጥገና እጅግ ያለፈ ነው፤ የሰውን አካል ክፍሎች በአጉመንትድ ሪያሊቲ ማስተማር እንድንችል አድርጎናል። ይህ ቴክኖሎጂ የታብሌት ወይም የስልክ ካሜራ ፊት ለፊቱ ያለውን ነገር እያሳየ፣ በዚያው ላይ በኮምፒውተር የተሠራ ምስል የሚደርብበት ነው። ተማሪው ታብሌቱን ይዞ ሲዞር፣ ልቡን ወይም ሳንባውን በሁሉም በኩል እየዞረ ያየዋል።

ከእርሱ በፊት የደረሰብንን ሳልናገር ባልፍ ምስጋናዬ ጎዶሎ ይሆንብኛል። ለዚህ ሥራ የዋለው ገንዘብ ወላጆች ከኑሯቸው ቀንሰው ያዋጡት ነበር፤ ከመካከላቸውም ሐይቁ ዳር ዓሣ እየሸጡ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ እናቶች ይገኛሉ። መጀመሪያ የመጣው አቅራቢ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ሙሉ አጽም አቁሞ ሲያሳየን ሁላችንም አጨበጨብን፤ ክፍያውም ወዲያው ተፈጸመ። መተግበሪያው ክፍል ውስጥ ሲከፈት ግን ኢንተርኔት ካላገኘ የማይሠራ ሆነ፤ ኢንተርኔቱ በተገኘ ዕለት ደግሞ ቀድሞ ያልተነገረን ዓመታዊ ክፍያ ጠየቀን። ስልክ ብንደውል የሚያነሣ ጠፋ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ታብሌቶቻችንን ሳይከፍት አገላብጦ ብቻ አይቶ፣ «እነዚህ አብቅቶላቸዋል፣ አዲስ ግዙ» ብሎን ሄደ። ከዚያ በኋላ በወላጆች ስብሰባ ላይ ቆሞ ስለዚያ ገንዘብ መልስ መስጠት ምን ያህል እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል። የማንንም ስም አላነሣም፤ ቁጭቱ ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

ይህ ወጣት በመጣ ጊዜ ምንም ዕቃ ከመንካቱ በፊት ክፍል ገብቶ መማር እንደሚፈልግ ነገረኝ። ስለ ደም ዝውውር ሥርዓት በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልሁ ሳስተምር፣ ከኋላ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከክፍል ስንወጣም፣ «መምህር፣ ልጆቹ አዘውትረው የሚሳሳቱት የት ላይ ነው?» አለኝ። ሊሸጡልን ከመጡት መካከል ይህን የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ነገርሁት፦ በመጽሐፉ ሥዕል ላይ የልብ ግራ ክፍል በገጹ ቀኝ በኩል ስለሚታይ ቀኝና ግራው ይምታታባቸዋል፤ ልብም ሙሉ በሙሉ በደረት ግራ በኩል የተቀመጠ ይመስላቸዋል።

ሥራውን የጀመረው ከዚሁ ነው። ኢንተርኔት የማያስፈልገው ነጻ መተግበሪያ በእነዚያው «አብቅቶላቸዋል» በተባሉት ታብሌቶች ላይ ጫነ፤ እንዴት እንዳስቻላቸው ቢያስረዳኝም አልገባኝም። ከዚያ አንድ ተማሪ ፊት ለፊታችን ቆሞ ሥዕል የታተመበትን ካርድ ደረቱ ላይ እንዲይዝ አደረገ። ሌሎቹ ታብሌቱን ወደ እርሱ ሲያዞሩ፣ የተጨበጠ እጅን የሚያህል ልብ ከመካከለኛው የደረት አጥንት ኋላ ጫፉን ወደ ግራ አዘንብሎ ሲመታ ታየ። የቆመው ተማሪ ግራ እጁን ሲያነሣ የልቡ ግራ ክፍል በዚያው በኩል መሆኑን ሁሉም አዩ፤ ለዓመታት በቃል ስደክምበት የኖርሁት ጉዳይ በዚያች ቅጽበት ተፈታ። ምስሉን ለሁለት ሲከፍለው ደግሞ የግራው የታችኛው ክፍል ግድግዳ ከቀኙ እጅግ ወፍሮ ታየ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ሳይጠየቅ፣ «ቀኙ ደሙን የሚልከው እዚሁ አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ነው፤ ግራው ግን ወደ መላው አካል ስለሚገፋ ነው» ብሎ መለሰ።

በመስኮት አጠገብ የተቀመጡት ልጆች ምስሉ እየጠፋባቸው ሲቸገሩ ያስተዋለውም እርሱ ነው። ካርዶቹ በፕላስቲክ የተለበጡ ስለነበሩ ብርሃን ያንጸባርቁ ኖሯል፤ ካሜራውም ሥዕሉን መለየት አቃተው። ማንም ሳያሳስበው በማግሥቱ ሁሉንም በማያብለጨልጭ ወፍራም ወረቀት አትሞ አመጣ፤ ለዚህም ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቀም።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን በእናቷ ፈቃድ የምጽፈው ነው። ከተማሪዎቼ አንዷ የሩማቲክ የልብ ሕመም አለባት። ሕመሙ በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽንን ተከትሎ የሚመጣና የልብን ቫልቮች፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ በሮቹን፣ የሚጎዳ ሲሆን፣ እንዳያገረሽባት በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወስዳለች። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ወደ እርሱ ቀርባ፣ «የእኔ የተጎዳው የትኛው ነው?» ስትል በዝግታ ጠየቀችው። እርሱም ዕቃውን መሰብሰቡን ትቶ አጠገቧ ተቀመጠና፣ «እህቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ያንን የሚያውቀው ሐኪምሽ ነው። ጤነኛው እንዴት እንደሚሠራ ግን ላሳይሽ» አላት። ምቱን አዘግይቶ፣ በግራው የላይኛና የታችኛ ክፍል መካከል ያለው ቫልቭ ሲከፈትና ሲዘጋ ደጋግሞ አሳያት። መተግበሪያውንም በእናቷ ስልክ ላይ በነጻ ጫነላትና አንድ ካርድ ሰጣት። በቀጠሮዋ ዕለት ስልኩን ይዛ ገብታ፣ ሐኪሙ የተጎዳውን ቫልቭ በምስሉ ላይ አመለከታት። እናቷ እንደነገረችኝ፣ መርፌ በደረሰ ቁጥር ታለቅስ የነበረችው ልጅ አሁን ቀኑን ራሷ ታስታውሳለች። እጁ ይባረክ ከማለት ሌላ ምን ማለት እችላለሁ!

ይህ ሁሉ ሲባል ምስሉ በእጅ የሚዳሰሰውን ይተካል ማለቴ አይደለም። የበሬ ልብ ከሥጋ ቤት አምጥተን ስንከፍት ተማሪዎቹ የጡንቻውን ጥንካሬ በጣታቸው ያውቁታል፤ ይህን የሚሰጥ ታብሌት የለም፣ ወጣቱም ራሱ የበሬ ልቡን ትምህርት እንዳንተው መክሮናል። ሆኖም ምዕራፉ በዐቢይ ጾም ላይ ሲውል ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ የተከፈተ ልብም አይመታም። ሁለቱ ተደጋግፈው ሲሰጡ ግን ተማሪዎቼ እንደዚህ ሲጠይቁ አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ ለዚህ ዓይነት ሥራ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እርሱን አማክሩት፤ አደራ እላችኋለሁ። ያሏችሁን ታብሌቶች አይቶ የሚሠራውንና የማይሠራውን በቅንነት ይነግራችኋል፤ ዋጋው ተመጣጣኝ ነው፤ መምህራኑንም ራሳቸውን ችለው እስኪጠቀሙ ድረስ ያሠለጥናል፤ ከሥራው በኋላም ስልክ ያነሣል። ስልኩን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀኝ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ከእርሱ ጋር አገናኛችኋለሁ። ብቻውን የሚሠራ በመሆኑ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ብትይዙት ይመረጣል፤ በመጀመሪያው ቀንም ክፍል ገብቶ እንዲያዳምጥ ፍቀዱለት።