ለአንድ ሰንጢ ስንት ማውጣት ይበቃል?

ሥራዬ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የሐበሻ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ነው። ማክሰኞና ዓርብ የጭነት መኪናው ሲመጣ ዕቃውን የምረከበውም፣ ካርቶኑን የምከፍተውም፣ መደርደሪያ ላይ የምደረድረውም እኔ ነኝ። በ25 ፓውንድ ከረጢት የመጣ የጤፍ ዱቄት፣ የሽሮና የበርበሬ ካርቶን፣ በፕላስቲክ ጠፍር ጥርቅም ተደርጎ የታሰረ ለስላሳ፤ ይህ ሁሉ የሚከፈተው በሰንጢ ነው። መደብሩ የካርቶን መቅደጃ ምላጭ ያቀርባል። እኔ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ብርቱካኔን የምልጠውም በሰንጢዬ ስለሆነ አልለቀውም።

በ9 ዓመት ውስጥ ከ7 ዶላር እስከ 185 ዶላር የሚያወጡ አምስት ሰንጢዎች ገዝቻለሁ። ሰው ኪሴ ላይ ባየው ቁጥር “ጥሩ ሰንጢ ስንት ነው?” ስለሚለኝ የደረስኩበትን ልጻፈው። እስከ 50 ዶላር ድረስ የጨመራችሁት ገንዘብ እጃችሁ ላይ ይታወቃችኋል። ከዚያ በላይ ያለው ግን ለእንደኔ ዓይነት ሥራ እየሳሳ ነው የሚሄደው።

የ7 ዶላሩን የገዛሁት ነዳጅ ማደያ ባንኮኒ ላይ አይቼ ነው። ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ሲያዩት ጠንካራ የሚመስል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጠፍር ስቆርጥ ጫን አልኩት፤ መቆለፊያው ሸሸና ስለቱ ተመልሶ ሌባ ጣቴ ላይ ታጠፈ። አራት ቦታ ተሰፋሁ። ብርድ ሲመጣ ዛሬም ይጠዘጥዘኛል። መቆለፊያው ውስጥ ስለቱን የሚደግፈው ብረት እንደ ቆርቆሮ የሳሳ መሆኑን ልብ ያልኩት ከተቆረጥኩ በኋላ ነበር። እባካችሁ እዚህ ላይ አትቆጥቡ። አዲስ ሰንጢ ስትገዙ ከፍታችሁ ቆልፉት፤ ከዚያ ጣታችሁን ከመታጠፊያው አርቃችሁ የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀስ እያላችሁ ተጫኑት። ከሸሸ በዚያው ቀን መልሱት።

ከዚያ በኋላ የገዛሁት ኦፒኔል ቁጥር 8 ነው፤ ስለሱ ብዙ የምለው አለኝ። ጆሴፍ ኦፒኔል በፈረንሳይ፣ ሳቮዋ በሚባለው ተራራማ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1890 የጀመረው ሥራ ነው። የእንጨት እጀታ፣ 8.5 ሳንቲሜትር ስለት፣ አንገቱ ላይ የምትዞር የብረት ቀለበት፤ ሌላ ምንም የለውም። ቀለበቷ የተጨመረችው በ1955 ነው። ስለቱን ከፍታችሁ ዞር ስታደርጓት ትቆልፈዋለች። ዋጋው 20 ዶላር ገደማ ነው፤ በዚህ ዋጋ እንዲህ የሚቆርጥ ነገር እስካሁን አላጋጠመኝም።

ምስጢሩ ስለቱ ስስ መሆኑ ላይ ነው። ጀርባው የወፈረ ሰንጢ ምንም ያህል ስል ቢሆን ካሮት ላይ ሲያርፍ ይሰነጥቀዋል፤ ይሄኛው ሰተት ብሎ ያልፋል። እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ቁርጥ ስንበላ የቀረበልንን ቢላዋ ትቼ እሱን አወጣለሁ። ሻኛውን በቀጭኑ ለማንሳት፣ ጅማቱን ከሥጋው ለመለየት እንደ እሱ የሚሆን የለም። የኔ የካርበን ብረት ነው፤ ሎሚ ሲነካው ወዲያው ይጠቁራል፣ እርጥብ አድርጋችሁ ካሳደራችሁት ይዝጋል። ጠርጎ ዘይት ቢጤ መቀባት ያስፈልጋል። ይህ የሚሰለቻችሁ ከሆነ የማይዝገው ዓይነት አለላችሁ። እጀታው እንጨት ስለሆነ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት። እኔ አንዴ ከሰሃን ጋር ረስቼው እንጨቱ አበጠና እስኪደርቅ ሁለት ቀን ስለቱን ማውጣት አቃተኝ።

የቪክቶሪኖክሱ ስፓርታን ሌላ ነው። ካርል ኤልስነር እ.ኤ.አ. በ1884 ስዊዘርላንድ፣ ኢባኽ ላይ የከፈተው ቤት ሥራ ሲሆን፣ ከ1891 ጀምሮ ለስዊዝ ጦር ሰንጢ አቅርቧል። የገዛሁት በ35 ዶላር አካባቢ ነው። የቆርቆሮ መክፈቻው፣ የጠርሙስ መክፈቻው፣ ትንሿ ስለት ሁሉም ያገለግላሉ። ትልቁ ስለት ግን እንዲቆለፍ ተደርጎ የተሠራ አይደለም። ስለዚህ ለቤት፣ ለጉዞና ለመኪና ይሁን፤ ጠፍር ላይ ተጭኖ ለሚሠራ ሰው አልመክረውም።

50 ዶላር የሰጠሁበት ሲቪቪ ኤሌመንተም አሁን በሥራ ቀን ኪሴ ውስጥ ያለው ነው። በአንድ እጅ ይከፈታል። ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የሚያውቀው በግራ እጁ ከረጢት ደግፎ በቀኙ ሰንጢ የሚፈልግ ሰው ነው። ኦፒኔሉን ለመክፈት ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ ከረጢቱን አስቀምጬ፣ ከፍቼ፣ እንደገና ማንሳት ነበረብኝ። ከ20 ወደ 50 ዶላር ስወጣ የገዛሁት ይህንንና ኪስ ላይ የሚንጠለጠልበትን ክሊፕ ነው። በመቁረጥ ግን ኦፒኔሉን አይበልጠውም።

አሁን ወደ 185 ዶላሩ ልምጣ። ስሙን አልጠራውም፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ እኔ ነኝ ያልሆንኩለት። ብረቱ ኤስ 30 ቪ የሚባለው ነው። ውስጡ ቫናዲየም የሚባል ብረት የሚያጠነክር ንጥረ ነገር 4 በመቶ ስላለው አፉ ቶሎ አይደነዝም። እውነቱን ለመናገር፣ ኦፒኔሉን በየሳምንቱ እስለው ነበር፤ ይህኛው ሦስት ሳምንት ካርቶን ቆርጦ ገና ወረቀት ይሰነጥቅ ነበር። ሦስት እጥፍ ቆየልኝ፤ ዋጋው ግን ዘጠኝ እጥፍ ነው። የደነዘዘ ዕለት ደግሞ ተራው ድንጋዬ ላይ ከ40 ደቂቃ በላይ ታገልኩት። ያው ቫናዲየም ነው ድንጋዩንም የሚፈትነው፤ እንዲህ ያለው ብረት የአልማዝ መሳያ ይፈልጋል፣ እሱም ሌላ ወጪ ነው። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ለሰንጢው መሳሳቴ ነበር። መኪና በሚመጣበት ቀን ቤት ትቼው መሄድ ጀመርኩ፤ ጠፍር ላይ እንዳይቧጨር ብዬ። ሰንጢ ገዝቼ ለሰንጢው ዘበኛ ሆንኩ።

አንድ ደንበኛችን ከ400 ዶላር በላይ የሚያወጣ የክሪስ ሪቭ ሴቤንዛ የሚባል ሰንጢ አሳይቶኛል። እጀታው ቲታኒየም ነው፤ ከፍቼ ስዘጋው አንዲት ክፍተት፣ አንዲት መንገጫገጭ አጣሁበት። የእጅ ሥራ ውበት የሚገባው ሰው እንደ ጥሩ አንጥረኛ ሥራ ቢገዛው አልፈርድበትም። በርበሬ ካርቶን ላይ ግን የሚጨምረው ነገር የለም።

ከ50 ዶላር በላይ ያለውን ገንዘብ ድንጋይ ላይ አውሉት። አንድ ወገኑ ቁጥር 1000 (ሻካራው)፣ ሌላው ቁጥር 6000 (ለስላሳው) የሆነ የውሃ መሳያ ድንጋይ 25 ዶላር ገደማ አግኝቻለሁ። ስለቱን አጋድማችሁ ጀርባውን ጥቂት አንሱ፤ ያን ማዕዘን ሳትለቁ በአንድ ወገን እየጎተታችሁ ሳሉ። በተቃራኒው ወገን በጣታችሁ ስትዳብሱት ሻካራ ነገር ሲሰማችሁ አገላብጡት። መጨረሻ ላይ በቁጥር 6000ው፣ ከዚያ በቆዳ ቀበቶ። አባቴ መንዝ ውስጥ በግ የሚገፍፉበት ሰንጢ ነበራቸው፤ ከመሳል ብዛት ስለቱ እንደ ቅጠል ቀጥኖ ነበር። ደጃፋቸው ላይ ካለች ጥቁር ድንጋይ ላይ ውሃ ጠብ እያደረጉ ይስሉና የአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አስተኝተው ያሳርፉታል። ካንሸራተተ ይመልሱታል፤ ጥፍሩን ነክሶ ከቆመ ያጥፉትና ኪሳቸው ይከቱታል። እኔም የማየው እንደዚያው ነው።

የ185 ዶላሩን በ120 ሸጥኩት። ባለፈው ጥር አገር ቤት ስሄድ ለታናሽ ወንድሜ ኦፒኔል ቁጥር 8 ከነድንጋዩ ይዤለት ሄድኩ። (በሚጫነው ሻንጣ ነው የሚገባው፤ በእጅ ሻንጣ ከያዛችሁት ፍተሻ ላይ ይቀራል።) ሰንጢውን ተቀብሎ ከፈተው፣ ቀለበቷን አዞረ፣ ጥፍሩ ላይ አሳረፈው። ድንጋዩን ግን መልሶ ሰጠኝ፤ የአባታችን ድንጋይ ከደጃፉ አለች።