«ኮዚ» የተባለ ጀበና ገዝቼ

የሱቁን ስም አልጠራም። ሻጯ ጥሩ ልጅ ናት፣ እንጀራዋን መንካት አልፈልግም። አዳማ ውስጥ ነው፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ባጃጅ በሩ ላይ ያወርዳችኋል። የቤት ዕቃ ይሸጣል። የቤት ዕቃ ስላችሁ ሶፋና ቁም ሳጥን እንዳይመስላችሁ። ጀበና፣ በርጩማ፣ ሰፌድ፣ ቅል፣ የእንጨት ጭልፋ፣ የብረት ኩባያ፣ በቃ እናቶቻችን ጓዳ ያለው ሁሉ ታጥቦ፣ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ፣ አምፖል በርቶለት።

እና እያንዳንዱ ዕቃ በክር የታሰረች ትንሽ ካርቶን አለችው። ካርቶኗ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል። በርጩማው «ረስቲክ»። ሰፌዱ «ሲምፕል»። የብረት ኩባያው «ቪንቴጅ»። ጭልፋው «ሀምብል»። እውነቴን ነው፣ ትሑት ጭልፋ። ከሁለቱ ጀበናዎች አንዱ «ኮዚ»፣ ሌላው «ሆምሊ»።

ከኮዚ ልጀምር፣ የገዛሁት እሱን ስለሆነ።

የገባሁት ሚያዝያ ላይ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የአዳማን ሚያዝያ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ውሻ እንኳን ጥላ እየመረጠ ነው የሚሄደው። ነፋሱን ሁሉ ኮረብታው ላይ ያሉት ተርባይኖች ወስደውት ለኛ የተረፈን አቧራው ነው። ሱቁ ውስጥ ቬንትሌተሩ ይጮሃል እንጂ አያበርድም። ኮዚ የሚለው ቃል ግን ከስኮትላንድ የመጣ ነው። ውጭ ብርድና ዝናብ፣ ውስጥ እሳት፣ ጉልበት ላይ ብርድ ልብስ፣ ያ ስሜት ነው። እንግሊዞች ሻይ እንዳይቀዘቅዝባቸው ማንቆርቆሪያቸውን የሚያለብሱትን የክር ካፖርትም ኮዚ ነው የሚሉት። ሙቀት የናፈቀው አገር ቃል ነው። አዳማ ላይ ሙቀት የናፈቀው ማነው? እኛ «እዚህ ቤት ደስ ይላል» የምንለው ወለሉ ውሃ ተረጭቶበት፣ በርና መስኮቱ ተከፍቶ፣ መጋረጃው ሲወዛወዝ ነው። አዳማ ላይ «ቀዝቀዝ ያለ ቤት ነው» ያላችሁ ሰው ቤታችሁን እያሞገሰ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያው ሰው ያንኑ ቃል ካለ ኪራይ ሊያስቀንስ ነው።

ልጅቷን «ለምን በአማርኛ አትጽፉትም?» አልኳት። ሳቀች። «እህቴ፣ በአማርኛ ስንጽፈው ይከራከራሉ። በእንግሊዝኛ ሲሆን ዝም ብለው ይከፍላሉ።» ገዢው አብዛኛው ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የሚመጣ ነው አለችኝ። በፈጣን መንገዱ ከተፍ ይላል፣ ሁለት ቀን ሆቴል ውስጥ ይሰበሰባል፣ ከዚያ አበሉ ኪሱን ሲበላው ለቤቱ የሆነ ነገር ይዞ መመለስ ያምረዋል። ሐቀኛ መልስ ስለሰጠችኝ እኔም ሳልከራከር ከፈልኩ። ገበያ ውስጥ ከሸክላ ሠሪዎቹ የማገኘውን ሦስት እጥፍ። የቃሉ ዋጋ መሆኑ ነው።

ሆምሊውን ያልገዛሁት በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። አሜሪካ ነው የምትኖረው፣ ያን ሰሞን እኛ ጋ ነበረች፣ አብራኝ ገብታለች። ካርቶኑን ስታይ ሳቋ አልቆም አለ። እንግሊዝ አገር ሆምሊ ማለት ልክ ሱቁ እንዳሰበው ነው፣ ቤት ቤት የሚል፣ ግብዝነት የሌለው። አሜሪካ ግን ሴት ልጅን ሆምሊ ካልካት መልክ የላትም ማለትህ ነው፣ በትህትና አስቀያሚ ማለት። ስለዚህ አንዷ ካርቶን ለንደን ላይ ጀበናውን ታመሰግናለች፣ ዳላስ ላይ ትሰድበዋለች። ምስኪን ጀበና፣ እሱ እዚያው ቁጭ ብሏል።

ረስቲክ ደግሞ ሥሩ ከላቲን ነው፣ ገጠር ከሚለው ቃል። የገጠር ማለት ነው በአጭሩ። እኛ ከተማ ግን አንድን ሰው «የገጠር» በሉት እስቲ፣ ጠብ ነው። ቅቤና ዶሮ ላይ ሲሆን ብቻ ነው «የገጠር» ሙገሳ የሚሆነው። እማዬ ቅቤ ስትገዛ ሦስቴ አሽትታ «እውነት የገጠር ነው?» ሳትል ብር አትፈታም። ታዲያ በርጩማውስ ለምን «የገጠር» ተብሎ አይሸጥም? ቪንቴጅ የተባለውን ኩባያ እለፉት፣ ቃሉ በፊት የወይን ለቀማ ማለት ነበር፣ ዛሬ አሮጌ ግን ተፈላጊ ለሆነ ዕቃ ይሉታል፣ ኩባያው ደግሞ የፋብሪካው ወረቀት ከሥሩ አልተላጠም።

ሀምብል ግን፣ ሳላደንቅ አላልፍም፣ ቃሉ ጥሩ ነው። የላቲን ሥሩ አፈር ነው። ለጭልፋ ከሚለጥፉት ለሸክላው ቢሰጡት ኖሮ ቁጭ ይልለት ነበር።

እንግሊዝኛ አትጻፉ የምል ሰው አይደለሁም። ኮዚን በአንድ ቃል ተርጉሚ ብትሉኝ ይቸግረኛል። ግን እኛ ይህን ነገር በሌላ ቃል ሳይሆን ያንኑ ቃል አለስልሰን ነው የምንለው። ጠባብ ቤት ስሞታ ነው፣ ጠበብ ያለች ቤት ግን ይኖርባታል። ሙቅ ክፍል ያፍናል፣ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ጨዋታ አለ። ቀላል ዕቃ ሲባል የሚሰበር ይመስላል፣ ቀለል ያለ ሲባል ግን እጅህ ራሱ ይሄድለታል። ይህን ልጅቷ ሳታውቀው በአፏ ትለዋለች። በርጩማውን ስታሳየኝ «ዝቅ ያለች ናት፣ ቡና ለማፍላት ትመቻለች» አለችኝ። ካርቶኑ ላይ ይህን ብትጽፈውስ? ልታይ ልታይ የማይል ዕቃ አንገቱ ላይ «እኔ ልታይ ልታይ አልልም» የሚል ጽሑፍ ሲንጠለጠልበት ትንሽ ያስቃል።

አሁን ወደ ጀበናው። ቤት ወሰድኩት። አዲስ ሸክላ መሟሸት ስላለበት የቡና አተላ ከትቼ ከሰል ላይ ጣድኩት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ቤቱ የቀለም ሽታ ሸተተ። ያ የሚያምረው ጥቁር ወዝ ቫርኒሽ ነው ለካ! እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ «ምንድነው የምታቃጥዪው?» አለች። ጀበና ነው ስላት አንስታ ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ አሸተተችው፣ ጉሮሮውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። «ይሄ ቡና አይቶ አያውቅም። ስንት ገዛሽው?» ነገርኳት። መልሳ አልተናገረችም፣ ያ ይብሳል።

በነጋታው ይዤው ሄድኩ። ልጅቷ ሳታፍር «ይሄማ ለዲኮር ነው» አለችኝ። ለዲኮር! እሳት የማይወድ ጀበና ኮዚ ተብሎ ይሸጣል። ካርቶኗ ላይ ከዚያ ሁሉ ውብ ቃል ይልቅ «እሳት ላይ አይጣድም» የምትል አንዲት መስመር ብትኖር እኔም አልቃጠልም ነበር። ብቻ አልተጨቃጨቀችም። ብር አንመልስም፣ በሌላ ዕቃ ግን ቀይሪ አለችኝ። ጥቂት ጨምሬ በርጩማውን ወሰድኩ።

በርጩማው ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፣ ሚስማር የለውም፣ ሦስት እግር። አራት እግር ያለው ወንበር ወለሉ ትንሽ ከተዛነፈ ይንገጫገጫል፣ ሦስት እግር ግን የትም ብታስቀምጡት ይቆማል። የኛ ግቢ ደግሞ ቀጥ ያለ ቦታ የለውም። መቀመጫው ጎድጎድ ብሏል፣ ሰውነት ይቀበላል። ስሙም በአማርኛም በኦሮምኛም ያው በርጩማ ነው፣ አዳማ ላይ ማንም አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ቫርኒሹ እዚህ አይጎዳም፣ ማንም ከሰል ላይ አይጥደውም።

ሱቁን ልምከራችሁ? ለእንጨትና ለስፌት አዎ፣ ምርጫቸው ጥሩ ነው፣ ዕቃውን በጋዜጣ በደንብ ይጠቀልላሉ፣ ዋጋው ግን ኪስ ይጎዳል። ለሸክላ ገበያ ሂዱ። ከመክፈላችሁ በፊት «እሳት ይችላል ወይ?» በሉ፣ በየትኛውም ቋንቋ።

እማዬ በርጩማውን ወርሳዋለች፣ ቡና ስታፈላ እሱ ላይ ናት። ካርቶኗን አላወለቀችውም፣ ትናንት ገልበጥ አድርጋ አየችና «ምን ይላል?» አለችኝ።

«የገጠር ይላል እማዬ።»

«ታዲያ ቅቤስ አይሸጡም?»