«ይህን ቅባት አልሸጥልዎትም» ላለችኝ ፋርማሲስት

ይህን ምስጋና የምጽፈው ሽሮ ሜዳ አካባቢ በምትገኝ አነስተኛ መድኃኒት ቤት ለምትሠራ ወጣት ፋርማሲስት ነው። የታዘዘውን ቅባት ሸጣ ገንዘቧን መቀበል ስትችል እምቢ በማለቷ ልጄ በጊዜ ሐኪም ዘንድ ደርሳለች።

የስድስት ዓመት ልጄ ከጉንፋን ካገገመች በኋላ እግሯ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ ነጥቦች ወጡባት። ጠይም ስለሆነች ቅላታቸው ጎልቶ አይታይም፤ አያሳክኳትም፣ አያሟትም። ጎረቤት ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ታሸላት። በአንድ ክሊኒክ የካርድ ከፍለን የገባንበት ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሳ «አለርጂ ነው፤ እንቁላል አትስጧት» ብሎ ቅባት ጻፈልን። ሌላ ቦታ ደግሞ የቁንጫ ንክሻ ነው ተባለና ባለቤቴ ቤቷን እንደማታጸዳ ተቆጥራ ተገሠጸች፤ እንባዋን ይዛ ወጣች። ነጥቦቹ ግን ወደ ሆዷ መውጣት ጀመሩ። ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ የልጅቱን ልብስ ገልጦ ያየ አንድ ሰው እንኳ መጥፋቱ ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ወደዚህች መድኃኒት ቤት የሄድነው ያለቀውን ቅባት ልንደግም ነበር። ፋርማሲስቷ ወረቀቱን ተቀብላ ልጅቱን አየቻት፤ ከባንኮኒው ወጥታ ተንበረከከችና «የኔ ቆንጆ፣ እግርሽን ልየው?» ብላ አስፈቀደቻት። ከዚያም ውኃ የምትጠጣበትን ብርጭቆ ወልውላ በጎኑ ነጥቦቹ ላይ ጫን አደረገችና አሻግሬ እንድመለከት ጠራችኝ። ነጥቦቹ አልጠፉም። በስልኳ መብራት ላንቃዋን አየች፤ እዚያም አሉ። «ጋሼ፣ ይህን ቅባት አልሸጥልዎትም፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ይውሰዷትና ደሟ ይታይ» አለችኝ።

እንዳስረዳችኝ፣ በሙቀት፣ በነፍሳት ንክሻ ወይም በአለርጂ የሚመጣ ቅላት ሲጫኑት አብዛኛውን ጊዜ ይደበዝዛል፤ ከቆዳ ሥር ደም ፈስሶ የሚታይ ነጥብ ግን ባለበት ይቀራል፤ ከትኩሳት ጋር ከመጣ ደግሞ ማጅራት ገትርን የመሰለ አጣዳፊ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም። ትኩሳቷን ለካች፣ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን እንዳንሰጣት አስጠነቀቀችን፣ ለሐኪሙ የሚሰጥ ማስታወሻ በእጇ ጻፈችልን። ለዚህ ሁሉ ሳንቲም አልተቀበለችም።

በደም ምርመራው ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕሌትሌት የሚባለው ነገር በጣም ወርዶ ተገኘ፤ ከ150,000 በታች መሆን የሌለበት የእሷ 18,000 ነበር። የቀረውን ማብራሪያ በድንጋጤ ምክንያት በወጉ አልተከታተልኩትም። ሕፃናት ላይ ከጉንፋን መሰል ሕመም በኋላ እንደሚከሰትና አብዛኞቹ በወራት ውስጥ እንደሚድኑ ሐኪሞቹ ነገሩን፤ እንዳሉትም በክትትል ቁጥሩ ተስተካክሏል። እስኪስተካከል ድረስ ዝላይና ብስክሌት ተከልክላ ቤት ስትውል ያሳየችንን ፍዳ እኛው እናውቃለን።

እባካችሁ፣ የልጆቻችሁ ቆዳ ላይ እንዲህ ያለ ነጥብ ካያችሁና ሲጫኑት ካልደበዘዘ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ለሌላው ሽፍታ ግን ያገኛችሁትን ቅባት ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን እኅታችንን አማክሯት፤ ደግሜ እላለሁ፣ አማክሯት። እጇን ይባርክልን። ስሟ በአደባባይ እንዳይጻፍ ስለጠየቀችኝ አድራሻዋን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እልካለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ወረፋ ስለሚበዛ ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል።