ሚክሰር ወይስ ኮንትሮለር? ከመኝታ ቤት ስቱዲዮዬ

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ። ትንሿ መኝታ ቤት ስቱዲዮዬ ናት። ግድግዳዋ ላይ ሁለት ብርድ ልብስና የእናቴን አሮጌ ጋቢ ሰቅያለሁ። በብዛት የምቀዳው ድምፃዊ፣ ክራር፣ መሰንቆና ከበሮ ነው። ኪቦርዱንና ቤዙን ራሴ እሠራለሁ። ባለፉት ስድስት ዓመታት ጠረጴዛዬ ላይ ብዙ እቃ ተቀምጦ ተነስቷል። አሁን የቀረኝ ጥቂት ነው፤ በቀረው ደስተኛ ነኝ።

አዲስ የሚጀምሩ ልጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ "ሚክሰር ልግዛ ወይስ ኮንትሮለር?" ይሉኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ክፍልህ ውስጥ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ነው የሚጫወተው? መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ሁለቱ እቃዎች መልካቸው ይመሳሰላል። ሁለቱም ላይ ፌደር (ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋ የድምፅ ማስተካከያ) ተደርድሯል፣ ኖብ (የሚዞር ማስተካከያ) አለ፣ ትናንሽ መብራት ይበራል። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። በሚክሰር ውስጥ ድምፅ ያልፋል። ማይክ ይሰካበታል፣ ያጎላል፣ ከሌላው ጋር ቀላቅሎ ያወጣል። በተለመደው ኮንትሮለር ውስጥ ግን ድምፅ አያልፍም። የማውስን ሥራ የሚሠራ ነው፤ ፌደሩን ስትገፉት ስክሪኑ ላይ ያለው ፌደር አብሮ ይሄዳል። ማይክ የምትሰኩበት ሳውንድ ካርድ ለብቻው ያስፈልጋችኋል።

የመጀመሪያ ግዢዬ ዩኤስቢ ያለው ትንሽ ሚክሰር ነበር። ሻጩ "ዩኤስቢ አለው፣ ቀጥታ ላፕቶፕ ላይ ይቀዳል" አለኝ። አልዋሸኝም፤ ይቀዳል። አራት ማይክ ሰክቼ ክራር፣ መሰንቆ፣ ከበሮና ድምፃዊት በአንድ ላይ ቀዳሁ። ሁሉም ደስ ብሏቸው ተጫወቱ። ከሄዱ በኋላ ላፕቶፑን ስከፍት ያገኘሁት ግራና ቀኝ ብቻ ነው። አራቱም እዚያ ውስጥ ተቀላቅለዋል። ከበሮው በዝቶ ነበር። እሱን ልቀንስ ስል ድምፃዊቷም አብራ ትቀንሳለች። ከተሠራ ወጥ ላይ ጨው እንደ መልቀም ሆነብኝ። ሙዚቀኞቹን እንደገና ለማሰባሰብ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ያን የመጀመሪያ ቀን የነበራቸውን ስሜት ግን አላገኘሁትም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ካርቶኑ ላይ "ዩኤስቢ" የሚለውን አይታችሁ ብቻ አትክፈሉ። ወደ ኮምፒውተር ስንት ቻናል ለየብቻ እንደሚልክ ጠይቁ። ያማሃ ኤምጂ10ኤክስዩ ለትንሽ መድረክ፣ ለስብሰባ፣ ለአምልኮ ፕሮግራም የምወደው ሚክሰር ነው፤ ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ኢፌክትም አለው። ወደ ላፕቶፕ የሚልከው ግን ሁለት ቻናል ነው። ሳውንድክራፍት ሲግኒቸር 12 ኤምቲኬ ደግሞ 14 ይልካል። ታስካም ሞዴል 12 አሥራ ሁለት ይልካል፣ በዚያ ላይ ኤስዲ ካርድ ላይ ራሱ ይቀዳል፣ የላፕቶፑንም የመቅጃ ፕሮግራም ይቆጣጠራል። ሦስቱንም ከሩቅ ያያቸው ሰው ዘመዳሞች ናቸው ብሎ ነው የሚያልፈው።

ያንን ሚክሰር ሸጬ ሁለት ማይክ የሚቀበል ሳውንድ ካርድና ኮርግ ናኖኮንትሮል 2 ገዛሁ። ናኖኮንትሮል ከላፕቶፕ ኪቦርድ ፊት ለፊት የምትጋደም ቀጭን እቃ ናት። ስምንት ፌደር፣ ስምንት ኖብ፣ ለእያንዳንዱ ትራክ (ለየብቻው ለተቀዳ ድምፅ) ሶሎ (እሱን ብቻ ማሰሚያ)፣ ሚዩት (ዝም ማሰኛ) እና ሪከርድ ቁልፍ አላት። መብራቷን የምታገኘው ከዩኤስቢ ነው። ከፕሮግራማችሁ ጋር ለማስማማት Set Marker የሚለውን ቁልፍ ከአንድ ሌላ ቁልፍ ጋር ተጭናችሁ ይዛችሁ ዩኤስቢውን መሰካት ነው። የትኛው ቁልፍ ለየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ መመሪያው ላይ አለ።

አራት ዓመት ሠራሁባት። ለፕሌይ፣ ለስቶፕ፣ ለሪከርድ እስካሁን ከእሷ የሚቀለኝ የለም። ፌደሮቿ ግን አጫጭር ናቸው፣ ሞተርም የላቸውም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ትራኮቼ ከስምንት ሲያልፉ ነው። ከትራክ 1 እስከ 8 ሠርቼ ወደ 9 እሻገራለሁ። ስክሪኑ ላይ ትራክ 9 ከበሮ ነው፣ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ጣቴ ሥር ያለው ፌደር ግን ክራሩን ከፍ ባደረግኩበት ቦታ ነው ያለው። ገና ነካ ሳደርገው ከበሮው ዘሎ ወደ ላይ ይወጣል። አንዳንድ ፕሮግራም ፌደሩ የስክሪኑ ቦታ ላይ እስኪደርስ ድረስ እንዳይሠራ የሚያደርግ ምርጫ አለው። ያ ይረዳል፤ ሐሳብን ግን ይቆራርጣል። እየሰማችሁ ሳይሆን ፌደር እየፈለጋችሁ ትሠራላችሁ።

አሁን ወደምወዳት ልምጣ። ቤሪንገር ኤክስተች ዋን። አንድ ፌደር ብቻ ናት ያላት። ግን ሙሉ ርዝመት ያለው ነው፣ 100 ሚሊ ሜትር፣ ሞተር ያለው፣ ጣት ሲነካው የሚያውቅ። ትራክ በመረጥኩ ቁጥር ፌደሩ ራሱ ተነስቶ ትራኩ ወዳለበት ቦታ ይሄዳል። መሰንቆ የሚጫወቱልኝ አባት መጀመሪያ ያዩት ቀን አጎንብሰው ጠረጴዛው ሥር አዩ። "ልጄ፣ ይሄን ማነው የሚነካው?" አሉኝ። ዘፈኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። የእሳቸው መሰንቆ ዝቅ ከፍ ሲል ፌደሩም ዝቅ ከፍ ይላል። ዝም ብለው እስከ መጨረሻው አዩት።

"አንድ ፌደር ምን ያደርጋል?" የሚለኝ ብዙ ነው። ቤት ውስጥ ብቻውን ሚክስ የሚያደርግ (የተቀዱትን ድምፆች የሚያመጣጥን) ሰው በአንድ ጊዜ የሚያዳምጠው አንድ ነገር ነው። የእኔ ሥራ አብዛኛው ድምፃዊው ላይ ነው። ትዝታ የሚዘፍን ሰው ስንኙን ሲጀምር ቀስ ብሎ ይጎትተዋል፣ መሃል ላይ ይለቀዋል፣ ቤት መምቻው ላይ ደግሞ ድምፁ ወደ ትንፋሽ ይወርዳል። ያች የመጨረሻዋ ትንፋሽ ከክራሩ ሥር ከገባች ግጥሙ ጠፋ። ኮምፕረሰር (ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያቀራርብ ኢፌክት) አጥብቄ ብጭንበት ደግሞ ልቅሶውም ጩኸቱም እኩል ይሆንብኛል። እጅ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ዓይኔን ከስክሪኑ ላይ አንስቼ፣ ጣቴን ፌደሩ ላይ አድርጌ፣ ከዘፋኙ ጋር አብሬ እተነፍሳለሁ። ቤት መምቻው ሲደርስ ሁለት ሦስት ዴሲቤል ከፍ አደርገዋለሁ፣ ቀጣዩ ስንኝ ሲጀምር እመልሰዋለሁ። ፕሮግራሙ እንቅስቃሴዬን ይጽፈዋል። "ተች" የሚለው አሠራር ላይ ካደረግኩት፣ ጣቴን ያነሳሁ ጊዜ ፌደሩ ራሱ ወደ ቀድሞው ቦታ ይመለሳል። የተበላሸችውን አንዲት ቃል ብቻ አስተካክዬ ማለፍ እችላለሁ። ይህን በማውስ ነጥብ በነጥብ ስሠራ አንድ ዘፈን ምሽቱን ይወስድብኝ ነበር። አሁን ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ማሰማት ይበቃኛል።

ልታውቁት የሚገባ ነገርም አለ። ትንሿ ስክሪኗ የትራኩን ስም ታሳያለች፣ የግዕዝ ፊደል ግን አታነብም። ከፕሮግራሙ ጋር የምትናገረው ማኪ ኮንትሮል የሚባለውን የቆየ ቋንቋ ነው፤ እሱ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ብቻ ነው፣ ለአንድ ስም የሚበቃው ቦታም ሰባት ፊደል ነው። "ክራር" እና "ከበሮ" ብዬ የጻፍኩትን ሁሉ በላቲን አሳጥሬ መልሼ ጻፍኩ። ሌላ ኮንትሮለር የምትገዙም ከሆነ ማኪ ኮንትሮል ወይም ኤችዩአይ (ሌላው መሰል ቋንቋ) ይላል ወይ ብላችሁ እዩ። አብዛኛው ፕሮግራም ከሁለቱ አንዱን ይረዳል። እኔ የምሠራው ሪፐር በሚባል የመቅጃ ፕሮግራም ነው፤ ለ60 ቀን በነፃ ይሞከራል፣ ለግል ሥራ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ፕሪፈረንስ ውስጥ ገብቶ ማኪ ኮንትሮል ዩኒቨርሳል የሚለውን መምረጥ ነው፣ አለቀ።

የፕሪሶነስ ፌደርፖርትም ተመሳሳይ ሐሳብ ነው፤ አንድ ረጅም ባለ ሞተር ፌደር። ስቱዲዮ ዋን የሚባለውን የመቅጃ ፕሮግራም ለሚጠቀም ሰው እሱን አስቀድማለሁ፣ ምክንያቱም ሁለቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

መብራት ሲጠፋስ? እኛ ሀገር ይህ ጥያቄ የእቃ ምርጫ አካል ነው። ባለ ሞተሯ ኮንትሮለር የራሷ አዳፕተር አላት። መብራት ሲሄድ እሷም ትሄዳለች። ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ሳውንድ ካርዱም ከላፕቶፑ ስለሚወስድ ይቀጥላል። ያኔ ናኖኮንትሮሏን ከመሳቢያ አወጣለሁ። ለዚህ ነው ያልሸጥኳት።

ብዙ ሰው በአንድ ላይ ስቀዳ ግን ሌላ እቃ ነው የምይዘው። ጓደኛዬ ዙም ላይቭትራክ ኤል-8 አለው፤ እንዋዋሳለን። ይህ እውነተኛ ሚክሰር ነው። ስድስት ማይክ ይቀበላል፣ ሁሉንም ለየብቻ ኤስዲ ካርድ ላይ ይቀዳል፣ ከፈለጋችሁም ለላፕቶፕ ሳውንድ ካርድ ይሆናል። በአራት ደብል ኤ ባትሪ ድንጋይም ይሠራል። ባለፈው ክረምት አራት ሰዎች ሆነው ሲጫወቱ ሁለተኛው አዝማች ላይ መብራት ድርግም አለ። ክፍሉ ጨለመ። የጆሮ ማዳመጫቸው ግን አልተቋረጠም። ከበሮ መቺው ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ የቀረጻዋን ቀይ መብራት አየሁ፣ በርታለች። በእጄ ቀጥሉ አልኳቸው። ዘፈኑ በጨለማ አለቀ፤ ያወጣነውም ያንኑ ቅጂ ነው። ድንጋዩ ግን ቀኑን ሙሉ አይዘልቅም። ፋንተም ፓወር (ሚክሰሩ በኬብሉ የሚልከው ኤሌክትሪክ) የሚፈልግ ማይክ ከሰካችሁ ደግሞ ፈጥኖ ያልቃል። ትርፍ ያዙ።

የካርዱ ነገር አያስጨንቃችሁ። በተለመደው የቀረጻ ጥራት፣ በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ፣ አንድ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስምንት ትራክ ብትቀዱ 32 ጊጋባይት ካርድ ከሰባት ሰዓት በላይ ይይዛል።

ሚክሰር ሌላም ጥቅም አለው። ድምፃዊቷ ራሷን የምትሰማው በላፕቶፑ ዞሮ ሳይሆን ቀጥታ ነው። በላፕቶፕ ሲዞር፣ ባፈሩ (ላፕቶፑ ድምፁን እያጠራቀመ የሚያሳልፍበት መጠን) 256 ከሆነ ደርሶ መልሱ ከ10 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዘፋኝ ግን ይሰማዋል፣ ድምፁን ወደ ኋላ መጎተት ይጀምራል። ኤል-8 ለተለያዩ ሰዎች የተለያየ ሚክስ በየጆሮ ማዳመጫቸው ይሰጣል። መሰንቆው ድምፃዊቷን ብቻ መስማት ይፈልጋል፣ እሷ ደግሞ ክራሩን። ሁሉም የሚፈልገውን አግኝቶ ሲጫወት ከቀረጻው ላይ ይታወቃል። ፌደሮቹ ሞተር የላቸውም፤ ስለዚህ ሚክሱን እዚያ ላይ አልሠራም። ፋይሉን ወደ ላፕቶፕ አዛውሬ ወደ አንዲቷ ፌደሬ እመለሳለሁ።

ዋጋ አልጽፍም። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዛሬ ወር የሰማሁት ዋጋ ዛሬ አይሠራም። አብዛኛው ሰው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ያስመጣል። ከአሜሪካ ከሆነ አዳፕተሩን ሳትሰኩ ጀርባውን አንብቡ። 100-240 ቮልት የሚል ከሆነ ችግር የለም። 120 ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ይቃጠላል። እኔ አንድ የኪቦርድ አዳፕተር እንዲህ ሄዶብኛል፤ ጢሱ ከክፍሉ እስኪወጣ መስኮት ከፍቼ ደጅ ቆምኩ። ስታብላይዘር ካላችሁ ደግሞ ሁሉንም በእሱ በኩል ሰኩ፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ነው እቃ የሚጎዳው።

ብቻውን ለሚሠራ፣ ድምፅና አንድ መሣሪያ በየተራ ለሚቀዳ ሰው ባለ ሁለት ማይክ ሳውንድ ካርድና ኤክስተች ዋን እላለሁ። በጀት ካልበቃ ናኖኮንትሮል ትጀምርላችሁ። ሦስትና አራት ሰው አንድ ላይ ለምትቀዱ ኤል-8ን ወይም ሞዴል 12ን ፈልጉ። እኔና ጓደኛዬ ለመጪው መስከረም ሦስት የበገና ደርዳሪዎችን ልንቀዳ ቀጠሮ ይዘናል። ኤል-8ን የማመጣው እኔ ነኝ፣ ድንጋዩን የሚገዛው እሱ ነው።