ቬንቸር ኤክስ ካርድ ከ18 ወር በኋላ፦ 395 ዶላሩ ያዋጣል?

ዲሴምበር መጨረሻ ላይ እማዬን ይዤ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ደለስ አየር ማረፊያ ያለው የካፒታል ዋን ባንክ ላውንጅ (መንገደኛ የሚያርፍበት ክፍል) ገባን። የባንኩን ቬንቸር ኤክስ ክሬዲት ካርዴን አሳየሁ፣ አስገቡን። እማዬ ዙሪያዋን አየችና "ስንት ከፈልሽ?" አለችኝ።

"ምንም አልከፈልኩም እማዬ። በካርዱ ነው።"

"ዝም ብሎ የሚሰጥ ነገር የለም። የሆነ ቦታ ከፍለሻል።"

ልክ ናት። ከፍያለሁ። ካርዱን ያወጣሁት በሴፕቴምበር 2024 ነው፤ እስካሁን ሁለት ጊዜ ዓመታዊውን 395 ዶላር ከፍዬበታለሁ። ብዙ ጓደኞቼ "ላውጣው ወይስ ይቅርብኝ?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ የ18 ወር ሂሳቤን እንዳለ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር። የክሬዲት ካርድ ዕዳ ከወር ወደ ወር የምታሻግሩ ከሆነ ይህን ካርድ አታውጡ። የእንዲህ ዓይነት ካርድ ወለድ በዓመት 20 በመቶ አካባቢና ከዚያም በላይ ነው። ካርዱ የሚሰጠው ደግሞ በእያንዳንዱ ዶላር 2 ማይል (ለጉዞ የሚውል ነጥብ)፣ ማለትም 2 ሳንቲም አካባቢ ነው። 2 ለመልቀም 20 መክፈል ይሆናል። ቤት ለመግዛት ያሰባችሁም ቆይታችሁ አመልክቱ። ካፒታል ዋን አብዛኛውን ጊዜ የክሬዲት ታሪካችሁን ከሦስቱም የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች ነው የሚጠይቀው፤ ያም የክሬዲት ስኮራችሁን ጥቂት ሊነካው ይችላል። ስኮራችሁን የማይነካ የቅድሚያ ማጣሪያ ድረ ገጹ ላይ አለ፤ በእሱ ጀምሩ።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። በየዓመቱ 395 ዶላር ይቆረጣል። በምትኩ በራሳቸው የጉዞ ድረ ገጽ ብቻ የሚሠራ 300 ዶላር ይሰጣሉ። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ 10,000 ማይል ይጨምራሉ። ይህ ለጉዞ ሲውል 100 ዶላር ነው። ወረቀት ላይ 5 ዶላር ያተርፋል። እኔ ግን 300ውን እንደ 300 አልቆጥረውም። በእነሱ ድረ ገጽ ብቻ የሚወጣ ገንዘብ እንደ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። አንዳንዴ ያው ሆቴል በራሱ ድረ ገጽ ይረክሳል። በሦስተኛ ወገን ስለተያዘም የሆቴሉን የአባልነት ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ አታገኙም። ስለዚህ ለእኔ ዋጋው 250 ዶላር ነው። በዚህ ስሌት ካርዱ በዓመት 45 ዶላር ያስወጣኛል። ጥያቄው እንግዲህ ሌላው ነገር 45 ዶላር ያወጣል ወይ የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ለብቻው ይታያል። በሦስት ወር ውስጥ 4,000 ዶላር ካወጣችሁ 75,000 ማይል ይሰጥ ነበር። እኔ የመኪና ኢንሹራንሱን፣ አስቤዛውን፣ የልጆቹን የጥርስ ሐኪም ሁሉ በእሱ ከፈልኩ። ለካርዱ ብዬ የገዛሁት ነገር የለም። እቁቡም የቤት ኪራዩም በካርድ ስለማይከፈሉ ከሂሳቡ ውጭ ናቸው።

ማይሉ የተጠራቀመው ለአንድ ነገር ነው፤ ለእማዬ ትኬት። ሜይ 2025 ላይ መጀመሪያ የደወልኩት ለአንድ ትኬት ቆራጭ ነበር። ደርሶ መልሱን 1,420 ዶላር አለኝ። "በካርድ ነው የምከፍለው" ስለው "በካርድ ከሆነ 3 በመቶ ይጨመራል" አለ። 43 ዶላር መሆኑ ነው። በዚያ ክፍያ የማገኘው ማይል 28 ዶላር አካባቢ ነው። ካርድ ስለያዝኩ ብቻ 15 ዶላር ልከስር! ይህን ብዙ ሰው አያሰላውም። ትኬት የምትገዙት እንደ ብዙዎቻችን ከሰፈር ቆራጭ ከሆነ ግን፣ ይህቺ 3 በመቶ የካርዱን ጥቅም ሙልጭ አድርጋ ትወስዳለች። እኔ ከአየር መንገዱ ድረ ገጽ በ1,450 ቆረጥኩ። ከዚያ በ100,000 ማይል ከሂሳቤ ላይ 1,000 ዶላሩን አጠፋሁ። ከኪሴ የወጣው 450 ዶላር ነው። በ90 ቀን ውስጥ ከሆነ ማንኛውንም የጉዞ ወጪ እንዲህ ማጥፋት ይቻላል።

"ወደ አየር መንገድ ፕሮግራም ብታዛውሪው ይሻላል" ያሉኝ አሉ። እውነት አላቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው። የካፒታል ዋን ማይል ወደ አየር መንገዱ የራሱ የማይል ፕሮግራም፣ ወደ ሸባ ማይልስ፣ አይዛወርም። የዚያው ኅብረት አባል ወደሆነው ኤር ካናዳ የማይል ፕሮግራም (Aeroplan) ግን አንድ ለአንድ ይዛወራል፤ በእሱም የኢትዮጵያን ወንበር መቁረጥ ይቻላል። ችግሩ ለገና፣ ለፋሲካና ለክረምት የማይል ወንበር ማግኘት ከባድ መሆኑ ነው። እኛ የምንሄደው ደግሞ ያኔ ነው። የተዛወረ ማይልም አይመለስም፤ ስለዚህ ወንበሩን በዓይናችሁ ሳታዩ አታዛውሩ። ትኬቱን በገንዘብ ቆርጦ ወጪውን በማይል ማጥፋት ሌላም ጥቅም አለው። ትኬቱ የተከፈለበት ስለሆነ እማዬ በበረራው ሸባ ማይልስ አገኘች። በማይል የተቆረጠ ትኬት ይህን አይሰጥም።

እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር። ማይሉን እንደ እኔ በአንድ ሳንቲም ሒሳብ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ዓመታዊ ክፍያ የሌለው ባለ 2 በመቶ ተመላሽ ካርድም ያንኑ ይሰጣችኋል። የዕለት ተዕለት ወጪ ላይ ልዩነት የለም። ቬንቸር ኤክስ የሚለየው በሌላው ነው።

ከሌላው ሁሉ የጠቀመኝ የመኪና ኪራይ ሽፋኑ ነው። ጥቅምት ላይ ለዘመድ ሰርግ ሲያትል ሄድን። ከ300 ዶላሩ የተወሰነውን መኪና ኪራይ ላይ አዋልኩት። ቆጣሪው ላይ ያለው ልጅ በቀን 30 ዶላር ኢንሹራንስ ጨምሪ ብሎ ቢወተውተኝም እምቢ አልኩ። ሙሉ ክፍያው በዚህ ካርድ ከሆነ፣ በመኪናው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት የካርዱ ሽፋን ከራሳችሁ ኢንሹራንስ ቀድሞ ይከፍላል። ሰርጉ አዳራሽ ፓርኪንግ ውስጥ አንድ ሰው በሩን ጭሮት ሄደ። ኪራይ ቤቱ 640 ዶላር ጠየቀኝ። ፎቶውን፣ ውሉን፣ ደረሰኙን ሰብስቤ ላክሁ። በአምስተኛው ሳምንት ተከፈለ። የእኔ ኢንሹራንስ ምንም አልሰማም፣ ዋጋዬም አልጨመረም። ልብ በሉ፤ ሽፋኑ ለኪራይ መኪናው ነው እንጂ በሌላ ሰው መኪና ወይም አካል ላይ ለምታደርሱት ጉዳት አይደለም።

ግሎባል ኢንትሪም አለ፤ ወደ አሜሪካ ስትገቡ የፓስፖርት ፍተሻውን ቶሎ የሚያሳልፍ ፕሮግራም ነው። በአራት ዓመት አንዴ ከማመልከቻው ክፍያ እስከ 120 ዶላር ይመልሳሉ። ግሪን ካርድ ያለውም ማመልከት ይችላል። ከ17 ሰዓት ጉዞ በኋላ ያንን ረጅም ሰልፍ ማለፍ ያሳርፋል።

አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ስከፍል ካርዱ የውጭ አገር ክፍያ አልቆረጠብኝም። ብዙ ተራ ካርዶች 3 በመቶ ይወስዳሉ። ማሽኑ "በዶላር ወይስ በብር?" ብሎ ከጠየቃችሁ ብርን ምረጡ። ዶላር ስትሉ ምንዛሬውን የሚወስነው ማሽኑ ነው፣ እሱም ይጎዳል። በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ብር አታውጡ፤ ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል። ለታክሲና ለገበያ ደግሞ ያው ጥሬ ብርና ቴሌብር ነው።

አሁን ወደ ላውንጁ ልመለስ፤ ብዙ ሰው በእሱ ነውና የሚጓጓው። የደለሱ የተከፈተው በ2023 ነው። ከበረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ያስገባል። የነቢያት ጾም ስለነበር እማዬ እንቁላሉንም እርጎውንም አልነካችም። ቡናዬን አይታ "ቀጠነ" አለች። የሚወሰደው ምግብ በትንንሽ ዕቃ ታሽጎ ተቀምጧል፤ የተቆረጠ ፍራፍሬ ያለበትን ሁለት መርጣ ከጾም ሰዓት በኋላ ልትበላው ነጠላዋ ውስጥ ጠቀለለች። ከዚያ የሚያመውን ጉልበቷን ዘርግታ ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጸጥ ያለ ነው። መታጠቢያው ንጹሕ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል አረፈች። በረራው ሙሉ ቀን ነውና ለእሷ ያቺ ዕረፍት ትልቅ ነገር ነበረች።

ግን እማዬን ያለ ክፍያ ያስገባው የነጻ እንግዳ ደንብ አሁን የለም። ከፌብሯሪ 1፣ 2026 ጀምሮ ደንቡ ተለውጧል። በዓመት 75,000 ዶላር በካርዱ ካላወጣችሁ፣ ለአዋቂ እንግዳ 45 ዶላር፣ ለልጅ 25 ዶላር ትከፍላላችሁ። ተጨማሪ ካርድ ያለው የቤተሰብ አባልም ላውንጅ ለመግባት በዓመት 125 ዶላር ይከፍላል፤ በፊት በነጻ ነበር። እኛ አራት ነን። ከአዲሱ ደንብ በኋላ በቤተሰብ ብንገባ ለአንድ ጉዞ 95 ዶላር ነው፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች። አልከፍልም። በዚያ ብር ለገና በዓል በግ ይጨመራል። ለእማዬ ግን አንድ ጊዜ 45 እከፍላለሁ፤ ለቁርሱ አይደለም፣ ለወንበሩ ነው።

ሌሎቹም ካርዶች አልረከሱም። በ2025 ቼዝ ሳፋየር ሪዘርቭ ከ550 ወደ 795 ዶላር፣ አሜሪካን ኤክስፕረስ ፕላቲነም ከ695 ወደ 895 ዶላር ወጥተዋል። የሚሰጡት ጥቅም በየወሩ፣ በየስድስት ወሩ እየተቆራረጠ የሚመጣ ነው። ሁለት ሥራ ይዞ ያንን የሚከታተል ሰው አላውቅም። ከሦስቱ ቬንቸር ኤክስ ቀላሉ ነው።

ብቻውን ወይም ብቻዋን በዓመት ሁለት ሦስቴ የሚበር ሰው ይያዘው፤ ያዋጣዋል። በሁለት ዓመት አንዴ ብቻ ለሚሄድ ቤተሰብ ግን ክፍያ የሌለው ባለ 2 በመቶ ካርድ ይሻላል።

እኔ ለጊዜው ይዤዋለሁ። ከዘንድሮው 300 ውስጥ 160 ዶላር ቀርቶኛል፤ ለወንድሜ ምረቃ ሜይ ላይ ሆቴል ይዤበታለሁ። የባለቤቴን ተጨማሪ ካርድ ላውንጅ አልከፈልኩለትም። ሴፕቴምበር ላይ ሦስተኛው 395 ከመቆረጡ በፊት ለእማዬ እደውልላታለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ትመጣለች ካለች ካርዱ ይቆያል፣ አልመጣም ካለች እዘጋዋለሁ።