የጃፓን የመጠጥ ዘፈን በጎንደር ማሲንቆ፦ የሚያዘውና የሚቀረው

ፍርዱን እናስቀድም። አንድ የጎንደር አዝማሪ ቤት ከጃፓን የመጠጥ ዘፈኖች ሁለቱን ለማሲንቆ፣ አንዱን ለሣቅ ቢይዝ ይበቃዋል። የቀሩት፣ ዝነኞቹም ጭምር፣ ለብቻ የሚሰሙ ናቸው። ዜማቸው ጆሮ ስለማይገባ አይደለም፤ ጠባያቸው ነው የማይገጥመው። አዝማሪያችን ስለ መጠጥ ሲዘፍን ዓይኑ ጠጪው ላይ ነው፤ ያወድሳል፣ ይወጋል፣ «ተቀበል» ሲሉት ይቀበላል፣ ይሸለማል። ኤንካ የሚባለውን የጃፓን እንጉርጉሮ የሚዘፍነው ሰው ግን የሚያወራው ከጽዋው ጋር ነው። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው መኖሩን የረሳ ይመስላል።

ቅኝቱ አያስቸግርም። ጃፓኖች «ዮናኑኪ» የሚሉት ቅኝት ስሙ ራሱ «አራተኛውና ሰባተኛው የወጣለት» ማለት ነው። ከዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ ላይ ፋና ሲ ሲወጡ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ይቀራል፤ ይህ ትዝታ ሜጀር ነው። ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ሲወርዱ ትዝታ ማይነር ይሆናል፤ የስካርና የመለየት ዘፈኖቻቸው በብዛት የሚኖሩት እዚህ ነው። አምባሰልም ኮቶና ሻሚሰን በሚባሉት የጃፓን የክር መሣሪያዎች በቆየ ዜማ ውስጥ መንታ አለው። ከኦኪናዋ የመጣ ዘፈን ከተገኘ ደግሞ ባቲ ሜጀር የለመደ ጆሮ በሁለተኛው ስንኝ ያውቀዋል። አንቺሆዬን ግን እዚህ አትፈልጉት። ክራር በትዝታ ከተቃኘ ለአብዛኛው ዘፈን እንደገና መቃኘት አያስፈልገውም።

ከሁሉም በላይ የምንመርጠው የ1931 እ.ኤ.አ. ዘፈን ነው፦ «ሳኬ ዋ ናሚዳ ካ ታሜኢኪ ካ»፣ መጠጥ እንባ ነው ወይስ የትካዜ ትንፋሽ? ዜማው የኮጋ ማሳኦ ነው፤ የዘፈነው ፉጂያማ ኢቺሮ። ፉጂያማ አይጮህም። ማይክሮፎኑ ላይ ተጠግቶ ለአንድ ሰው እንደሚያወራ ነው የሚለው፤ አዝማሪ ቤት ውስጥ የሚበላሸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጫጫታ ላይ መዝፈን የለመደ ጉሮሮ ድምፁን ከፍ ሲያደርገው ዘፈኑ ለቅሶ ይሆናል። ማይኩ ከአፍ አራት ጣት ያህል ይራቅ፣ ሚክሰሩ ላይ ቤዙ ይቀነስ፣ የጊታሩን መግቢያ ክራር ይያዘው። ማሲንቆው ከሁለተኛው ስንኝ በፊት አይግባ።

ጭብጨባም ይከለከል። ምቱ አራት ነው፣ ዝግ ያለ። የእኛ እጅ በልማድ ወደ ስድስቱ ምት ይስበዋል፤ አንድ ጠረጴዛ ከጀመረ ከበሮውም ይከተላል፣ ትከሻም ይነሣል፣ ከዚያ ዘፈኑ የለም።

ትልቁ ወጥመድ ግን ስንኙ ውስጥ ነው። የጃፓኑ ስንኝ ሰባትና አምስት ቀለም ነው፦ ሳ-ኬ-ዋ-ና-ሚ-ዳ-ካ፣ ታ-ሜ-ኢ-ኪ-ካ። ድምሩ አሥራ ሁለት። የእኛ የወል ቤትም አሥራ ሁለት ቀለም ነው፣ ግን ስድስትና ስድስት ተከፍሎ። በድምሩ የተታለለ ገጣሚ የአማርኛ ስንኝ ይሰጥና፣ ዜማው ሊያርፍ ሲል ቃሉ ያልቃል፤ ደጋኑ አንድ ቀለም ሙሉ ባዶውን ይጎተታል። ለምሳሌ፦

ብርሌው ጎደለ፣ ትካዜው ግን ሞላ።

ጥሩ የወል ቤት ነው፣ ለዚህ ዜማ ግን አይሆንም። መፍትሔው ትንሽ ነው፦

ብርሌው ጎደለና፣ ትካዜ ሞላ።

«ና» ከፊት ገባች፣ «ግን» ከኋላ ወጣች፤ ሰባትና አምስት ሆነ። «ትካዜው» ላይ የነበረችው «ው» ለብቻዋ ቀለም ስላልሆነች ብትቀርም ብትኖርም ቆጠራውን አትነካም። ሰምና ወርቅ ለማስገባት የሚታገል አዝማሪ እዚህ ይረፍ፤ ዘፈኑ ሐዘኑን በግልጽ የሚናገር ነው፣ ቅኔ ሲጫንበት ይከብደዋል።

ሁለተኛው ምርጫችን «ኩሮዳ ቡሺ» ነው፣ የፉኩኦካ አገር የሕዝብ ዘፈን። ጎንደሬ ይህን ለመውደድ ማብራሪያ አይፈልግም። እንደሚተረከው፣ የኩሮዳ ቤት ጦረኛ ሞሪ ታሄይ ጌታው እንዳይጠጣ አስጠንቅቆት ወደ ፉኩሺማ ማሳኖሪ በመልእክተኛነት ይሄዳል። ማሳኖሪ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ በትልቅ ዋንጫ አቅርቦ «ከጨረስክ የፈለግከውን እሰጥሃለሁ» ይለዋል። ታሄይ ይጨርሰዋል፣ «ኒሆንጎ» የተባለውን የከበረ ጦርም ይዞ ይወጣል። ጦሩ ዛሬ በፉኩኦካ ከተማ ሙዚየም ይታያል። ዘፈኑ የሚለው «ጠጣ፣ ከጠጣህስ ጦሩን እስክትወስድ ጠጣ» ነው፤ ይህ እንግዲህ ፉከራ ነው። የስንኙ ልክ ያው ሰባትና አምስት ስለሆነ ቆጠራው እንደገና አይለፋም፤ «ተቀበል» የሚሠራውም እዚህ ብቻ ነው። ስሕተቱ እንደ ሽለላ መቻኮል ነው። ዜማው ከቤተ መንግሥት ሙዚቃ፣ «ኤተንራኩ» ከሚባለው የተወሰደ ስለሆነ ከባድ እርምጃ አለው፤ ሲፈጥን ክብሩን ያጣል።

ሚሶራ ሂባሪ በ1966 እ.ኤ.አ. ያወጣችው «ካናሺ ሳኬ»፣ «ሐዘንተኛው መጠጥ»፣ የዚያው የኮጋ ማሳኦ ዜማ ነው፤ ስትዘፍነው እንባዋ ይወርድ እንደነበር የታወቀ ነው። ድንቅ ነው፣ ግን ለአዝማሪ ቤት አይመከርም፤ ጠረጴዛውን ሁሉ ያቀዘቅዘዋል። ወንድ በካራኦኬ ሊሞክረው ከፈለገ የድምፁን ከፍታ በማሽኑ ቁልፍ አራት ወይም አምስት ጊዜ ዝቅ ያድርግ፤ ቁልፉ አንድ ጊዜ ሲጫኑት ግማሽ ድምፅ ያወርዳል። ማሲንቆ አብሮ የሚገባ ከሆነ ማሲንቆው ለቀረጻው ይቃኝ፤ ቀረጻውን የሚያጫውተው ስልክ ለማንም አይቃኝም። በክረምት ቆዳው ሲረጥብ ድምፁ ስለሚወርድ በየሁለት ዘፈኑ መፈተሽ ነው።

የያሺሮ አኪ «ፉናኡታ»፣ 1979 እ.ኤ.አ.፣ መጠጡ ለብ ያለ፣ ማወራረጃው የተጠበሰ ስኩዊድ፣ መብራቱ ደብዘዝ ያለ እንዲሆን የሚጠይቅ ዘፈን ነው። ለብ ያለ ሳኬ ማለት ወደ 40 ዲግሪ ነው፤ ሳኬውም 15 ከመቶ አካባቢ አልኮል አለው። ይህን ሰምቶ ጠጅ የሚያሞቅ ሰው እንዳይኖር ብቻ።

የሣቁ ቦታ ሁለት ተወዳዳሪ አለው። በ1961 እ.ኤ.አ. ኡኤኪ ሂቶሺ የዘፈነው «ሱዳራ ቡሺ» አንድ ብቻ ልጠጣ ብሎ ከቤት ቤት እየዞረ በባቡር ጣቢያ አግዳሚ ላይ ስለሚነቃ ሰው ነው። ኡኤኪ ግጥሙን አፍሮበት ለአባቱ፣ ለቡድሂስት መነኩሴው፣ ቢያሳይ አባቱ «ይህማ የሃይማኖታችን መሥራች ትምህርት ነው» አሉት ይባላል። ግን ሣቁ ያለው ቃሉ ውስጥ ስለሆነ ጃፓንኛ የማይሰማ ሰው አይስቅም።

ስለዚህ የሚያሸንፈው የ1967ቱ «ካኤቴኪታ ዮፓራይ»፣ «ተመልሶ የመጣው ሰካራም» ነው። የኪዮቶ ወጣቶች ቴፑን አፍጥነው ድምፃቸውን የሕፃን አስመስለውታል፤ ቃሉ ባይገባም ያስቃል። ሰካራሙ ጠጥቶ መኪና እየነዳ ይሞታል፣ ሰማይ ቤት ደግሞ መጠጡን ይቀጥላል፣ እግዚአብሔር ተቆጥቶ ወደ ምድር ያባርረዋል። በማሲንቆ መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ቀረጻውን አጫውቱት። ሰዓቱም ቤቱ ሊዘጋ ሲል፣ ሰው የመኪና ቁልፉን መፈለግ ሲጀምር ይሁን። መጨረሻው ላይ የቡድሂስት ጸሎትና የቤትሆቨን ፒያኖ ይደባለቃሉ፤ ስልኩ የተበላሸ መስሎት ሊያጠፋ የሚነሣ አስተናጋጅ አይጠፋምና ቀድሞ ይነገረው።