የአሻንጉሊት ወታደር መሰብሰብ ለሚጀምር፦ የድሮው እርሳስ፣ ፕላስቲኩ ወይስ አዲሱ ብረት?

የአሻንጉሊት ወታደር መሰብሰብ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው የየትኛውን ዘመን ጦር እንደሚሰበስብ ነው። ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ግን «ከምን የተሠራውን?» የሚለው ጥያቄ ነው። ገበያው ላይ ያለው ዕቃ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው፤ ውስጡ ባዶ የሆነው የድሮ እርሳስ (የሚጻፍበት ሳይሆን ሊድ የሚባለው ብረት)፣ ከ1950ዎቹ ወዲህ የመጣው ፕላስቲክ፣ እና ዛሬ ለአዋቂ ሰብሳቢ ተብሎ ቀለም ተቀብቶ የሚሸጠው የብረት ቅይጥ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሦስቱ የሚበላሹበትም የሚጭበረበሩበትም መንገድ ይለያያል። ከምርት ከወጡ በኋላ የሚፈለጉበት ቦታም አንድ አይደለም።

ምክራችንን ከወዲሁ እንናገር፤ በጀቱ ጠባብ ከሆነ በፕላስቲክ ይጀምሩ። መደርደሪያ ላይ አንድ ያማረ ነገር ማየት ከፈለጉ አንድ አዲስ የብረት ወታደር ይግዙ። በሳጥኑ ያለ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ እርሳስ ግን የመጀመሪያ ግዢ አይሁን።

የድሮው እርሳስ

በዚህ ዘርፍ ዋናው ስም የለንደኑ ብሪቴንስ ነው። ትንሹ ዊልያም ብሪቴን በ1893 ያመጣው ዘዴ ቀላል ነበር። የቀለጠው እርሳስ ፎርማ ውስጥ ይፈስሳል፤ ቀዝቃዛውን ፎርማ የነካው ውጫዊ ክፍል ቶሎ ሲረጋ፣ ገና ያልረጋው የውስጡ ተመልሶ ይደፋል። በዚህ መንገድ የሚወጣው ወታደር ድፍን ከነበሩት የጀርመን ወታደሮች ይልቅ ቀላልና ርካሽ ሆነ። የእግረኛው ቁመት 54 ሚሊሜትር ነበር፤ ይህ ልክ እስከ ዛሬ የዘርፉ መለኪያ ሆኖ ቀርቷል። የእርሳሱ ምርት በ1966 ቆመ፤ ምክንያቱ እርሳስ ለልጆች መጫወቻ አደገኛ መሆኑ ነው። ዛሬም ቢሆን እነዚህን ከነካኩ በኋላ እጅ መታጠብ አለበት፤ ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ ተቆልፈው ይቀመጡ።

ሲገዙ መጀመሪያ አንገቱን ይመልከቱ። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ወታደሩ ሲወድቅ በቀላሉ የሚቀነጠሰው ከአንገቱ ነው። የድሮ ጥገናው የክብሪት እንጨት አንገቱ ውስጥ ሰክቶ ጭንቅላቱን መልሶ መትከል ነው። በፎቶ አይታይም፤ ሻጩን «ጭንቅላቱ ይዞራል ወይ? አንገቱ ላይ ስንጥቅ አለ ወይ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ የሚንቀሳቀሰው እጅ ነው። የጠፋ እጅ በአዲስ ቅጂ ሲተካ የእጁ ቀለም ከደረቱ ቀለም ይልቅ ንጹሕና ደማቅ ሆኖ ይታያል። የታጠፈ ጠመንጃ ወይም ሳንጃ ካለ አቃናዋለሁ ብለው አይሞክሩ፤ ይሰበራል። ታጥፎ ይኑር።

ሦስተኛው ቀለም መቀባቱ ነው። ድጋሚ የተቀባ ወታደር ከዋናው ዋጋ ትንሽ ክፍል ብቻ ነው የሚያወጣው። በጨለማ ክፍል የዩቪ (አልትራቫዮሌት ብርሃን) ባትሪ ሲበራበት አንዱ ወታደር ከጓደኞቹ ተለይቶ ቢያበራ፣ ወይም በአንዱ ወታደር ላይ ቀበቶው ብቻ ቢያበራ፣ ተነካክቷል ማለት ነው። ባትሪ ከሌለ ደግሞ ፊቱንና ቁልፎቹን ያስተውሉ፤ ወፍራም አዲስ ቀለም የፎርማውን ጥቃቅን መስመሮች ይደፍናል። ክብደቱም ይናገራል፤ ውስጡ ባዶ መሆን የነበረበት ወታደር ድፍን ሆኖ ከከበደ የኋላ ዘመን ቅጂ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ሰብሳቢዎች የእርሳስ በሽታ የሚሉት ነው፤ ግራጫ ወይም ነጭ ዱቄት ከመቆሚያው ሥር፣ ከእግሩና ቀለም ከተላጠበት ቦታ ይወጣል። መንስኤው ከኦክ እንጨት፣ ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ጣውላ) እና ከርካሽ ካርቶን የሚወጣው የአሴቲክ አሲድ ትነት ነው። እርጥበት ሲጨመርበት እርሳሱን ወደ ካርቦኔት ይለውጠዋል። ስለዚህ የመቆሚያውን ሥር የሚያሳይ ፎቶ ሳያዩ አይግዙ። ዱቄቱ መርዛማ ነው፤ በደረቅ ብሩሽ አይጠረግም። ወታደሮቹ የሚቀመጡት በብረትና በመስታወት መደርደሪያ ላይ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያናድድ ተቃርኖ አለ፤ ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው የመጀመሪያው ቀይ ካርቶን ሳጥን ራሱ ወታደሩን ሊጎዳ ይችላል። መፍትሔው ሳጥኑን ለብቻው፣ ወታደሮቹን ለብቻቸው ማኖር ነው። በሳጥኑ ውስጥ በክር እንደታሰሩ ከመጡ ግን ከመፍታትዎ በፊት አስተሳሰሩን ፎቶ ያንሱ።

ለአማርኛ አንባቢ ልዩ ትርጉም ያላቸው ስብስቦችም እዚሁ ዘርፍ ውስጥ ይገኛሉ። በ1930ዎቹ፣ ዓለም ስለ ጣሊያን ወረራ በሚያወራበት ሰሞን፣ ብሪቴንስ የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ዘበኞች በቁጥር 1424፣ ባላገር ጦረኞችን ደግሞ በቁጥር 1425 አወጣ። ክብር ዘበኞቹ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ እግራቸው ባዶ ሆኖ፣ ጠመንጃ በትከሻ ይዘው የሚሰለፉ ናቸው። የሚፈለጉ ስለሆኑ ለነዚህ የሚጠየቀው ከተራ የእንግሊዝ ዘበኛ በጣም ይበልጣል፤ ለማጭበርበርም ያጓጓሉ። ሙሉ ሳጥን ከመፈለግ አንድ የተጫወቱበት ነጠላ ክብር ዘበኛ መግዛት ይሻላል።

ፕላስቲኩ

ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። ኤርፊክስ የተባለው አምራች 1:72 (ከእውነተኛው ሰው 72 ጊዜ ያነሱ) ወታደሮች (ከ1959 ጀምሮ) ቀለም ያልተቀቡ፣ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ የሚሆኑ፣ በብዛት የሚሸጡ ናቸው። ሄራልድ የሚባለው የብሪቴንስ የፕላስቲክ ምርትና ከ1971 የወጣው ዲቴይል ቀለም የተቀቡና በ54 ሚሊሜትር ልክ የተሠሩ ናቸው። የዲቴይል መቆሚያ ብረት ስለሆነ ወታደሩ አይወድቅም፤ ለጀማሪ የምንመርጠውም በዚህ ነው። ቲምፖ የተባለው አምራች ደግሞ በኋለኞቹ የፕላስቲክ ምርቶቹ ቀለም አይቀባም ነበር፤ የተለያየ ቀለም ያለውን ፕላስቲክ አንዱን በሌላው ላይ እያፈሰሰ ስለሚሠራ የሚላጥ ነገር የለውም።

ሄራልድ ሲገዙ የመቆሚያውን ሥር ያንብቡ። «ኢንግላንድ» የሚለው ከ«ሆንግ ኮንግ»ው ይቀድማል፤ ሁለተኛው ምርቱ ወደዚያ ከተዛወረ በኋላ የመጣና ቀለሙ የሻከረ ነው። ስዎፔት የሚባሉት የፕላስቲክ ወታደሮች ጭንቅላታቸው፣ ቀበቷቸውና ሽጉጣቸው የሚነቀል በመሆኑ «ሙሉ ነው» የሚል ማስታወቂያ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ክፍል በፎቶ ይታይ፣ የሌላ ወታደር ኮፍያ አለመደረጉም ይረጋገጥ።

የፕላስቲክ ጠላቱ ፀሐይና ዕድሜ ነው። የደረቀ ፕላስቲክ ጠመንጃው ወይም ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለ ምንም ግፊት ይቀነጠሳል፤ በማጣበቂያ መመለስም ከባድ ነው፣ የኤርፊክስ ዓይነቱ ለስላሳ ፕላስቲክ ማጣበቂያ አይዝምና። ለማጠብ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት የዕቃ ሳሙና ይበቃል። ቀለም የተቀባውን ግን አይዘፍዝፉ፤ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ይነሳል።

በዋጋ ረገድ የተጫወቱበት ዲቴይል እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ጊዜ በነጠላ ጥቂት ፓውንድ ነው። ቢበላሽ ውድ ወታደር የማበላሸትን ያህል አያሳዝንም፤ ስህተት የሚለማመዱት በዚህ ነው።

አዲሱ ብረት

ኪንግ ኤንድ ካንትሪ (ሆንግ ኮንግ)፣ ጆን ጄንኪንስ ዲዛይንስ፣ ፈርስት ሌጅንና የዛሬው ደብሊው ብሪቴን የሚሠሩት ይህን ነው። ዋጋቸው ይለያያል፤ አንድ የኪንግ ኤንድ ካንትሪ እግረኛ አዲስ ከ40 እስከ 60 ዶላር አካባቢ ያወጣል። ልካቸው 1:30፣ ማለትም ወደ 60 ሚሊሜትር ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ የድሮውን ብሪቴንስ ከአዲሱ ደብሊው ብሪቴን ጎን ማቆም አይሆንም፤ አዲሱ ግዙፍ ሆኖ ይታያል፣ የድሮው ቀለም ያብረቀርቃል የአዲሱ ደብዛዛ ነው።

የሚሰበሩት ሹል ነገሮች ናቸው፤ ሳንጃ፣ የሬዲዮ አንቴና፣ የሰንደቅ ዘንግ። ሱፐር ግሉ ያጣብቃቸዋል፣ ግን ዙሪያውን ነጭ ጉም ይተዋል፤ ፎቶ ላይ ያንን ይፈልጉ። ሳጥኑና የውስጡ ስፖንጅ መኖሩ ዋጋውን ይጨምራል፣ ለጉዞም ዋስትና ነው። አረፋ ፕላስቲክ በቀጥታ ቀለሙ ላይ ከተጠቀለለ ግን ክብ ክብ ምልክት ያትማል፤ ሻጩ መጀመሪያ በስስ ወረቀት እንዲጠቀልለው ይጠይቁ።

ከምርት የወጣውን ማደን

በአዲሱ ብረት ዘርፍ «ሪታየርድ» የሚለው ቃል አምራቹ መሥራት አቆመ ማለት ብቻ ነው። ብርቅ ነው ማለት አይደለም። አምራቹ ያንኑ ወታደር አሻሽሎ ደግሞ ካወጣው የድሮው ዋጋ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት አዲስ እትም እንዳለ ያጣሩ። ፍለጋው የሚጀምረው ከምርት ኮዱ ነው። ኮዱን የድሮ ካታሎግ ላይ ወይም ሳጥኑ ላይ ያገኙታል። በመጀመሪያ ትንንሽ ሻጮችን ይጠይቁ፤ አምራቹ ካቆመ በኋላም መደርደሪያቸው ላይ በድሮ ዋጋ የቀረ ይኖራል። ከዚያ ኢቤይ ላይ በኮዱ ማሳሰቢያ ያስቀምጡ፣ ዋጋ ሲገምቱም የሚጠየቀውን ሳይሆን «የተሸጡ» የሚለውን ማጣሪያ ይጠቀሙ። የሚጠየቅ ዋጋ ምኞት ነው።

ለእርሳሱ ዋናው ቦታ ጨረታ ነው፤ በእንግሊዝ ቬክቲስና ሲ ኤንድ ቲ፣ በአሜሪካ ኦልድ ቶይ ሶልጀር ኦክሽንስ። ጀማሪን የሚያስደነግጠው የገዢ ኮሚሽኑ ነው። ለምሳሌ ኮሚሽኑ 25 በመቶ ቢሆንና በኮሚሽኑ ላይ 20 በመቶ ታክስ ቢታሰብ፣ በ100 ፓውንድ ያሸነፉበት ዕቃ 130 ፓውንድ ይሆናል፤ መላኪያና ጉምሩክ ገና ነው። የመጨረሻ ዋጋዎን ከዚህ ወደ ኋላ አስልተው ይወስኑ።

ፕላስቲክ በብዛት የሚገኘው በአሮጌ ዕቃ ገበያና በድብልቅ ሣጥን ሽያጭ ነው። እዚያ ሻጩ ስሙን ስለማያውቅ «የፕላስቲክ ወታደሮች» ብሎ ብቻ ይለጥፋል፤ የዲቴይልን የብረት መቆሚያ በፎቶ መለየት የቻለ ሰው ይጠቀማል። አሜሪካ ያላችሁ በየሴፕቴምበሩ ቺካጎ አጠገብ የሚደረገውን ትርኢት፣ እንግሊዝ ያላችሁ የለንደኑን ብትሄዱ ሦስቱንም ዓይነት በእጃችሁ መዝናችሁ ማወዳደር ትችላላችሁ፤ ድፍኑንና ባዶውን በክብደት ለመለየት ከፎቶ ይልቅ ይህ ያስተምራል። ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ሻጮች ተጭነው ላለመመለስ ዋጋ ይቀንሳሉ፣ ምርጡ ዕቃ ግን ጠዋት ያልቃል።